የወይዘሮ ጓንት አልበም

ሰው በእጁ ከሚነካካቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ሳንቲም የቆሸሸ የለም። የዶሮ ማደሪያ እንኳ አልፎ አልፎ ይጠረጋል፤ የሕዝብ መጸዳጃም ቢሆን የሚደፋበት አንድ ባልዲ ውሃ አያጣም። ሳንቲም ግን ከማተሚያው ወጥቶ የሆነ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እስኪቀር ድረስ የሚያጥበው አይገኝም። ዓሣ የዘለዘለ እጅ ይሰጠዋል፤ አፍንጫ የጠረገ እጅ ይቀበለዋል፤ ሕፃን ይልሰዋል፤ ሰካራም በጉንጩና በድዱ መካከል ሸጉጦት ያድራል። በማግሥቱ ይኸው ሳንቲም የዳቦ መልስ ሆኖ ይመጣና በአንዲት የተከበረች እመቤት ቦርሳ ውስጥ ከመሐረቧ ጋር ይተኛል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እያወቅንም እጃችንን እንዘረጋለን።

አንዲት ሴት ግን እያወቀች መዘርጋት አቃታት። በሕዝብ ገላ መታጠቢያ ቤት መግቢያ ላይ፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ተቀምጣ ገንዘብ የምትቀበል መበለት ነበረች። ወደዚያች መስኮት የሚመጣ ሳንቲም ከየት እንደሚወጣ የቆመበት ያውቀዋል፦ ከካልሲ፣ ከጡት መያዣ፣ ከብብት ሥር ከተቋጠረ ጨርቅ። የሚገባው በላብ አርሶ፣ ለተጨማሪ ሳሙና ከውስጥ ተመልሶ የሚወጣው ደግሞ በአረፋ ለውሶ ይሰጣታል። አንዳንዱ ሳንቲም የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጠጉር ተጠምጥሞበት ይደርሳል። ስለዚህ መበለቲቱ እስከ ክርኗ የሚደርስ ቢጫ የፕላስቲክ ጓንት አጥልቃ ትቀመጥ ነበር፤ ደንበኞቹም ከዚህ ተነሥተው «ወይዘሮ ጓንት» አሏት። እጇን ዘርግታ ስለማትቀበልም ሳንቲሙን ፊቷ ባለው የቆርቆሮ ሳህን ላይ ይወረውሩላት ነበር፤ አንዳንዱ በቀልድ፣ አንዳንዱ በንቀት፣ አብዛኛው በልማድ።

«ወይዘሮ ጓንት፣ ዛሬስ እጅሽን አልጨብጥም?» ይላል አንዱ።

«ሳሙናውን ጨብጥ፤ እሱ ይበልጥ ያስፈልግሃል» ትለዋለች።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት ሳንቲም ሰብሳቢ የሆነችው። ነገሩ የጀመረው በአንድ የመዳብ ሳንቲም ነው። ከሳህኑ ላይ እንደ ወትሮው በጨርቅ ስትጠርገው ከእድፉ ሥር አንዲት ወፍ ብቅ አለች። ወፏን ዘወትር ታያት ነበር፤ በሁሉም ሳንቲሞች ጀርባ ላይ አለች፤ ነገር ግን የምታውቃት ወፍ ደረቷ የተላጨ፣ ዓይኗ የጠፋ ነበረች። የዚህችኛዋ ግን የደረቷ ላባ አንድ በአንድ ይለያል፤ የዓይኗ ነጥብ እንኳ አልተነካም። ሴትዮዋ ያን ያህል ዓመት የተጸየፈችው ነገር ከሥሩ እንዲህ ያለ ንጽሕና እንደነበረው ሲገለጥላት ልቧ ተነካ። ከራሷ ቦርሳ ያንኑ የሚያህል መዳብ አውጥታ ሳህኑ ላይ ተካች፤ ባለ ላባዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

የድሀ ሰብሳቢ ጥበብ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ወርቅ አይገዛ፣ ብር አይመኝ፤ ሰው ሁሉ ከሚንቀው ውስጥ የተሻለውን መርጦ በራሱ ዋጋ ይለውጠዋል። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የካርቶን አልበም ገዛች፤ ለየዓመተ ምሕረቱ አንድ ክብ ቀዳዳ፣ ከሥሩም ዓመቱ የታተመበት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ለመዳቡ፣ ቀጣዩ ለነሐሱ፣ የመጨረሻው ለትልቁ ኒኬል። መጀመሪያ ያገኘችውን ሁሉ ሞላችበት፤ ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ፤ ማሻሻል። የተሻለ ሲመጣ የነበረውን ታወጣለች። ይህንንም «ሹም ሽር» ትለው ነበር። ማምሻውን መብራት ሥር ተቀምጣ ሁለቱን መዳቦች በጠርዛቸው ይዛ የአንዷን ወፍ ደረት ከሌላዋ ታስተያያለች፤ ላባዋ ያለቀባት ትሻርና በማግሥቱ ወደ ሳህኑ ትመለሳለች። እንባ የለ፣ ስንብት የለ። ብዙ የሰው ሹመት ከዚህ ባነሰ ማጣሪያ ሲያልፍ አይተናል።

ባሏ በሕይወት ሳለ የመታጠቢያ ቤቱ የማሞቂያ ሠራተኛ ነበር፤ ከሞተም በኋላ ከማሞቂያው በላይ ያለችው ክፍላቸው ለእሷ ቀረች። ከግቢው ማዶ ዋርሳዋ፣ ማለት የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ይኖር ነበር። ሥራው ዋንጫ፣ የበር እጀታና የነሐስ ዕቃ መወልወል ነው። የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ንጹሕ፣ የደበዘዘ ነገር ሁሉ ቆሻሻ የሚመስለው፣ በልቡ ክፋት የሌለበት፣ በጭንቅላቱም ከዚያ የበዛ ነገር የሌለበት ሰው ነበር። የራሱን የፊት ጥርሶች እንኳ በወርቅ ቅብ አስለብጦ በመስተዋት ፊት ሲወለውላቸው ትሰማ ነበር። ድምፁ ለጆሮ እጅ እጅ ይላል።

ከሰብሳቢ ወገን ደግሞ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም። በየሳምንቱ ገላውን ሊታጠብ ይመጣል፤ እንዴት እንደሚታጠብ ግን እግዜር ይወቅ፣ ሲገባ እንደነበረው ሆኖ ይወጣል። የስንቱን ሰው ጥርስ ሲነቅል የኖረው ሰውዬ የራሱ ሦስት የበሰበሱ ጥርሶች ብቻ ቀርተውታል። በነዚያ ሦስት ጥርሶች የዱባ ፍሬ ይፈለፍላል፤ ገለባውን ወደ መሐረቡ ይተፋል፤ በዚያው መሐረብ የማጉያ መነጽሩን ይጠርጋል። ከፍርግርጉ ውጭ ቆሞ «ነሐሱስ ደረሰ ወይ፣ ልጄ?» እያለ ይጠይቃታል፤ እሷም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተስባ ትመልስለታለች። አልበሙን አንድ ጊዜ ቢያሳዩት ደስታው ወደር አልነበረውም፤ ነገር ግን ያ መሐረብ ትዝ ይላታል። አላሳየችውም።

ያ መጸየፍ ነው ጉድ ያደረጋት። ካርቶኑ አልበም በዓመታት ብዛት ጠርዙ ላላ፣ የጣቷ ወዝ አመድማ አስመሰለው። ዕለት ዕለት ስትገልጠው የራሷ እጅ እድፍ ይታያት ጀመር፤ ሳንቲሙን ከሰው እጅ አድና ከገዛ እጇ ልታድነው አልቻለችም። ገበያ ወጥታ አዲስ አልበም ገዛች፤ ገጾቹ ለስላሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ፣ ለየሳንቲሙ ኪስ ያለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት የሚጸዳ። ሲከፈት አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል። ሽታውን የንጽሕና ምልክት አድርጋ ተቀበለችው። የጥርስ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ቢያሸተው ኖሮ ከእጇ ነጥቆ ይጥለው ነበር፤ ግን ማን አስጠግቶት።

በዚያው ሰሞን የአካባቢው አዲስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ገላውን ሊታጠብ መጣ፤ መልስ እየጠበቀ ሳለ ጓንት ባጠለቀ እጇ አንዲት መዳብ ከሌሎቹ ለይታ ስታስቀምጥ አየና ምክንያቱን ጠየቃት። ነገረችው። ሰውዬው ለአዳራሹ ያሠራው የመስታወት ሣጥን ባዶውን ቆሞበት ስለነበር ዓይኑ በራ።

«እናቴ፣ ለምርቃቱ እንዲሆን ያምጡልኝ። ከተከፈተም በኋላ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይቆያል» አላት።

ሴትዮዋ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ አይመስልም ነበር። ሀብትም ዝናም አልነበረም ያሳሳት። ሰው ሁሉ ዕድሜዋን ሙሉ ሳህኗ ላይ ሲወረውርላት የኖረውን ነገር፣ አንድ ቀን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ሲያየው ለማየት ፈለገች። በሕይወቷ ከዚያ ሌላ የጠየቀችው ነገር አልነበረም። ሳንቲሞቹን ከካርቶኑ ወደ ፕላስቲኩ አዛወረች፤ አቧራ እንዳይነካው አልበሙን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ ከማሞቂያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ እስከ ምርቃቱ ላለመክፈት ከራሷ ጋር ተስማማች። ከሥር ሙቀቱ ይወጣል፣ ከጎን የመታጠቢያው እንፋሎት ይገባል፤ እሷ በንጽሕናዋ ተማምና ትተኛለች።

ምርቃቱ ሲቃረብ ጨርቁን ፈታችው። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የከረመ ኮምጣጤና የተቃጠለ ላስቲክ አንድ ላይ የፈሉ ይመስላል። ገጾቹ ተጣብቀው ነበር፤ ስትለያያቸው ልክ ከቁስል ላይ ፋሻ ሲነሣ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ አሰሙ። ከየኪሱ ውስጥ ወፎቹ አይታዩም ነበር። በላያቸው አረንጓዴ ንፍጥ ተኝቶባቸዋል፤ ወፍራም፣ የሚያዳልጥ፣ ጉንፋን የያዘው ሕፃን ከንፈር ላይ የሚታየውን ዓይነት። አንዷን መዳብ ገፋ ስታደርግ ንፍጡ እንደ ክር ተስቦ ከጓንቷ ጋር መጣ። ሴትዮዋ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ምሳዋን መለሰች።

ዋርሳዋ ድምፅ ሰምቶ መጣ። ከደጃፉ ሆኖ አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገ።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ? የሞተ አይጥ ነው?»

«ሳንቲሞቼ ናቸው።»

ቀረብ ብሎ አየና ፈገግ አለ፤ ወርቅ ቅቡ በራ። «በቃ ይኼው ነው? ለዚህ ነው ፊትሽ አመድ የመሰለው? እኔን የመሰለ ወንድም እያለሽ። ስጪኝ፤ እስከ ማታ መስተዋት አደርግልሻለሁ።»

«እንዳትነካቸው። ሐኪሙን ጠርቼ እመጣለሁ።»

«የጥርስ ሐኪም ለሳንቲም? ምኑን ሊነቅልላቸው ነው?»

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ሐኪሙን ከቤቱ አውጥታ፣ እንደ አስም ሕመምተኛ እያቃሰተ ደረጃውን ሲወጣ ከኋላው እየተከተለች ስትመለስ አልበሙ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ግን ባዶ ሆኗል። ከግቢው ማዶ የመወልወያው ሞተር ያጓራል።

ዋርሳዋ ቀይ ከፋይ በለበሰ ሣጥን መዳቦቹን ደርድሮ ይዞ መጣ። በአሲድ ነክሯቸው፣ በሚሽከረከረው ጨርቅ ፈትጓቸው ነበር። ያበራሉ፤ ሐሰተኛ ጥርስ እንደሚያበራው። ሴትዮዋ አንዷን በጠርዟ አንሥታ ወደ ብርሃን አዞረቻት። ወፏ ላባ አልነበራትም፤ ዓይንም አልነበራትም። የፈላ ውሃ ተደፍቶባት የተነጨች ዶሮ መስላ፣ ቀይ ሥጋዋ ወጥቶ ትታያለች። ሴትዮዋን ከአረንጓዴው ንፍጥ ይልቅ ይህ አንገሸገሻት።

«አየሽ?» አላት ዋርሳዋ፤ ምስጋና እየጠበቀ።

«ገፈፍካቸው» አለችው።

«ምኑን ገፈፍኩት? ቆሻሻውን ነው እንጂ።»

ሐኪሙ ከወንበሩ ሆኖ የዱባ ፍሬ ገለባ ተፋና ሳቀ። «ሲያጌጡ ይመላለጡ አሉ። አንተ ልጅ፣ ያ ቡናማ ወዝ ዕድሜው ያለበሰው ልብሱ ነበር። ልብሱን ብቻ መስሎህ ቆዳውንም አብረህ አወለቅህለት። ከእንግዲህ ሚሊዮን ዓመት ቢቀመጥ አይመለስም።»

«ዶክተር፣ እርስዎ ጥርስ ይወቁ። የብረት ነገር ለእኔ ይተዉ።»

«ጥርስማ አውቃለሁ። በአፍህ ያለው ቅብ ሲላጥ ደግሞ ትመጣለህ።»

ወይዘሮ ጓንት ሣጥኑን ከነከፋዩ ወደ ዋርሳዋ ገፋችው። «ውሰዳቸው። ለእኔ ሞተዋል» አለችና የቀሩትን ሁለት ገጾች በሁለት እጇ ሸፈነቻቸው።

ከዚያ በኋላ የተሠራውን ሥራ ያለ ማቅለሽለሽ መጻፍ አይቻልም። ሐኪሙ ንፍጡ ከምን እንደመጣ አስረዳት፦ ለስላሳው ፕላስቲክ ለልስላሴ የተጨመረበት ዘይት አለ፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ያልበዋል፤ ላቡ ብረቱን ይበላዋል። መድኃኒቱም ከቀለም መደብር የሚሸጠው ንጹሕ አሴቶን ነው። «አትፈትጊ፤ ንከሪ። መፈተግ የወንድምሽ ሃይማኖት ነው» አላት። የሚተንነው በእሳት አጠገብ አደገኛ ስለሆነ ከማሞቂያው ርቀው ግቢው መካከል ጠረጴዛ አወጡ፤ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጡ። የመጀመሪያዋን ነሐስ ልታስገባ እጇን ስትሰድ የጓንቷ ጣቶች ተጨማድደው ይጣበቁ ጀመር።

«ጓንትሽም የዚያው ዘር ነው፣ ልጄ» አለ ሐኪሙ። «አውልቂው።»

«በባዶ እጄ?»

«በምን ሊሆን ነው? በእግርሽ?»

አወለቀችው። ነሐሶቹን አንድ በአንድ ከየኪሳቸው በባዶ ጣቶቿ አወጣች። ንፍጡ ከጥፍሯ ሥር ገባ፤ ቀዘቀዛት፤ እንደ ቀንድ አውጣ ሆድ ለሰሰባት። ከአጠገቧ የሐኪሙ ትንፋሽ አለ፤ የበሰበሰ ጥርስና የዱባ ፍሬ። ወደ ሳህኑ ሲያጎነብስ ግንባሩ ትከሻዋን ይነካዋል፤ ከአፉ አንዲት ገለባ ወድቃ አሴቶኑ ላይ ተንሳፈፈች፤ እሱ በጣቱ አወጣትና ቀጠለ። ሴትዮዋ ቀጣዩን ነሐስ አነሣች። ከንፍጡም ከሰውዬውም ልትሸሽ ትችል ነበር፤ ሳንቲሞቹን ትታ።

ነሐሶቹ ከአሴቶኑ ሲወጡ ጥቁር ቡናማ ሆነው፣ ላባዎቹ ከነዓይናቸው ተመለሱ። ሁሉም ግን አልዳኑም። ንፍጡ የቆየባቸው ትንንሽ የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰሉ ጉድጓዶች ተበስተዋል፤ የአንዷ ወፍ ክንፍ ግማሹ ተበልቷል። ኒኬሎቹ ይበልጥ ችለውት ነበር። ሐኪሙ እያንዳንዱን በማጉያው አየ።

«ቆስለዋል፤ ግን ራሳቸው ናቸው። የተበሉትን ቀስ ብለሽ ትሽሪያቸዋለሽ» አላት።

አዲስ የካርቶን አልበም ገዝታ ደረደረቻቸው። የመዳቡ ገጽ ከነዓመተ ምሕረቱ ባዶውን ቀረ። ያን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። ኃላፊው አልበሙን ገለጠ፤ አንድ ገጽ ባዶ፣ ሁለት ገጽ ጠቆር ያለ። ፊቱ ላይ የታየው ነገር፣ ሾርባው ውስጥ ዝንብ ያየ ሰው ፊት ላይ የሚታየው ነው። ቀጥሎ ከጠረጴዛው ሥር ቀይ ከፋይ የለበሰ ሣጥን አወጣ።

«ወንድምዎ ትናንት አምጥቶልኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ነው እኛ የፈለግነው፤ ከሩቅ ይጠራል። የቀሩትንም ለእሱ ይስጡትና እንዲህ አድርጎ ይወልውላቸው፤ ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ይሆናል።»

«ጌታዬ፣ እነዚህ ላባ የላቸውም።»

«ማን ላባ ይቆጥራል፣ እናቴ? ሰው ቆም ብሎ አይቶ ያልፋል። ይህ የጠቆረው እንዲያው የታመመ ይመስላል፤ ጠባሳም አለበት። ሕፃናት ይመጣሉ።»

ሴትዮዋ ሣጥኑን አየች፤ አልበሙን አየች። ያ የለመነችው ቀን፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረው ሕዝብ፣ ዝቅ ያለው ድምፅ፣ ሁሉም በአንድ «እሺ» ሊሆንላት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ዋርሳዋ በነጻ ይሠራል፤ ሞተሩም ቅርብ ነው።

«አይሆንም» አለች።

«ታዲያ ሣጥኑን ባዶ ልተወው ነው?»

«የገፈፈው ይሙላው።» አልበሙን ዘግታ በብብቷ ሥር ያዘችው።

ሞላውም። በምርቃቱ ዕለት የመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ላባ የተነጩት መዳቦች በመብራት ሥር ይንቦገቦጉ ነበር፤ ከሥራቸውም የወልዋዩ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ከመዳቦቹ ጎን የማን እንደሆኑ የማይታወቅ የበር እጀታዎችም ለማሟያ ገብተዋል። ሰዉ ተሰልፎ ያልፋል። ፍርግርጓ ላይ ሳንቲም ሲወረውሩ የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ልክ እንዳሰበችው ነበር። ሴትዮዋ በሰልፉ መካከል ሆና ይህን አየች፤ ምራቋ መረራት።

ከፊቷ የቆመች አንዲት ሴት ወደ እሷ ዞር ብላ «ትናንት የተሠሩ እኮ ነው የሚመስሉት» አለቻት።

«ትናንት ነው የተሠሩት» አለች ወይዘሮ ጓንት።

ዋርሳዋ ከሣጥኑ አጠገብ አዲስ ኮት ለብሶ እጅ ይጨብጣል። እንዳያት አንገቱን ሰበር አደረገ፤ ሰውን ይቅርታ ጠይቆም ወደ እሷ መጣ።

«እትዬ፣ እንግዲህ አትቀየሚኝ። ያንቺም እኮ ናቸው። ከፈለግሽ ካንቺ እንደመጡ ከሥሩ ላስጽፍልሽ።»

«ተወው» አለችው። «ከእኔ የመጣው ያለው ቤት ነው።»

«ቤት ተቀምጦ ማን ያየዋል?»

ይህን ጥያቄ ሰልፉን ትታ ስትወጣም ደረጃው ላይ ይዛው ወረደች። ዕለቱ ገላ መታጠቢያው የሚሞላበት ነበርና የሥራ ተራዋ ደርሷል፤ ፍርግርጉ ፊት ይህን ጊዜ ላብ ያራሰው ሰልፍ ተደርድሮ ይጠብቃታል። የመዳቡ ገጽ እንዳለ ባዶ ነው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ቀዳዳ መጀመር አለባት። ማንም እንደማያየው ታውቃለች፤ ከማን እጅ፣ ከየትኛው ካልሲ ወጥቶ እንደሚመጣም ታውቃለች። ይቀፋታል፤ ግን እርምጃዋን አፈጠነች።